የዝማሬው ጫፍ

ሶልያና ስቱዲዮ እስክትከፍት ድረስ፣ ሶዶ ላይ መዝሙር መቅዳት ማለት ኤርካሎ ማለት ነበር፤ ከእኔ ወዲያ ላሳር ባይ። ሽማግሌው ዘማሪ ባዳቾ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የመጨረሻ መዝሙሩን የቀዳችው እሷ ናት ሲባል ኤርካሎ ቆሽቱ አረረ። የባዳቾን ካሴቶች ሁሉ የቀዳው ማን ሆነና! ሰውየው ካረፈ በኋላም የኤርካሎ ቅናት አላረፈም።

ሶልያና ቅጂውን ራሷ ይዛለት መጣች። መዝሙሩ ቤተ ክርስቲያናቸው ለገጠር ምዕመናን በሚያድለው፣ በፀሐይ በሚሠራ ትንሽ ማጫወቻ ላይ ሊጫን ነው፤ ማጫወቻው ደግሞ የድምፅ ጥራቱ ከስምንት ቢት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

«ጋሼ ኤርካሎ፣ መጀመሪያ የመዝሙሩን መጨረሻ፣ ጫፉን ያዳምጡት» አለችው። «ወደ ስምንት ሲያወርዱት ደግሞ ዲዘር ይጨምሩበት። ሽሽ የሚል ስስ ድምፅ ነው፤ ደካማው ድምፅ እንዳይቆራረጥ ይይዘዋል።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ሽሽታ ሳጠፋ ኖሬ፣ አንቺ ጨምርበት ትይኛለሽ?»

«ብቻ ጫፉን...»

«የባዳቾን ትንፋሽ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች። እሱም ጫፉን ሳይሰማ፣ ዲዘሩን አጥፍቶ ፋይሉን ወደ ስምንት ቢት አውርዶ አስቀመጠ። ሶልያናም በበኩሏ ዲዘር ያለበትን አዘጋጀች።

የባዳቾ ሚስት ሚርያም የሁለቱንም ሥራ ሰምታ ልትመርጥ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ መጣች። የኤርካሎ ቀደመ። ጥርት ያለ ነው። ባዳቾ ደክሞት ድምፁ ዝቅ ሲል ግን ይቆራረጥ ጀመር፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

«የት ሄደ?» አለች ሚርያም።

«አለቀ፣ እትዬ» አላት ኤርካሎ።

የሶልያና ከመጀመሪያው ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ ሽሽ ይላል። ኤርካሎ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «አላልኩም?» ብሎ ሊቀጥል ሲል ሚርያም በእጇ ዝም አሰኘችው። ከሽሽታው ሥር የባዳቾ ድምፅ ቀጠነ እንጂ አልተበጠሰም። መዝሙሩን ጨረሰ። ከዚያም እያለከለከ በወላይትኛ እንዲህ አለ፦ «ለኤርካሎ ስጡት። ትንፋሼን እሱ ያውቃታል።»

ሚርያም እንባዋን ጠርጋ ወደ ኤርካሎ ዞረች። «ያንተው ላይ ግን ይህን አላለም» አለች፣ ግራ ገብቷት።

ኤርካሎ ላቡ እስኪመጣ አፈረ። እፍረቱ መሐል ግን አንድ ነገር ቆጠቆጠው፤ ይህን ቃል ከእሱ በፊት የሰማችው ሶልያና ነበረች።