ቀን ቀን ማን ይይዘዋል?

እና ደግሞ እጇን ዘርግታ ነበር፣ ጅልነቷ እሱ ላይ ነው፣ ሁለቱንም እጆቿን፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ነይ የኔ ቆንጆ ብላ፣ ልጇን ድንቡሼን ደፉ አደናቅፏት በግንባሯ ተደፍታ እሪ ስትል ከማንም ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት፣ እናቷ፣ የወለደቻት፣ ድንቡሼ ግን ተነሳች፣ እንባ በሞላው ዓይኗ እናቷን አየቻት፣ አዎ አይታታለች፣ ይሄን ማንም አያስተባብላትም፣ አይታ በተዘረጋው እጅ ሥር ሹልክ አለችና ወደ ኩሽና ሮጠች፣ ወደ ሞግዚቷ፣ እማዬ እያለች። እማዬ። እጆቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። ባሏ የጫማውን ክር እያሰረ ቀና አለና፣ ምነው ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ፣ ብሎ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ መጋረጃውን ላስተካክል ብዬ ነው አለች። መጋረጃው ምንም አልሆነም ነበር።

ይሄ ጠዋት ነው። አሁን ረፋዱ አልፎ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታግላለች፣ እሷ የጽሕፈት ቤቱን መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ መጠይቁ ያለበትን ታብሌት ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከአንዱ ጠባብ በር ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ ስትሄድም ጠዋቱ አብሯት ይሄዳል። ሥራዋ መጠየቅ ነው። በድጎማ ወደሚሠራው የሕፃናት ማቆያ ልጃቸውን ማስገባት እየፈለጉ ቦታ ያጡ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ወላጆች ስንት እንደሆኑ ማጣራት፣ ለአለቃዋ ማቅረብ፣ አለቃዋም ለአለቃው፣ በጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ ያልተሟላ ፍላጎት ይባላል፣ ያልተሟላ ፍላጎት፣ ስንቴ ጽፋዋለች፣ ደረቷ ውስጥ ያለውን ግን ምን ብላ እንደምትጠራው ታውቃለች፣ ስሙ አጭር ነው፣ ቅናት፣ የተማረች ሴት፣ ባለ ዲግሪ፣ በቤት ሠራተኛዋ ላይ። ለእናቷ አልነገረች፣ ለባሏ አልነገረች፣ ለንስሐ አባቷ እንኳ ምላሷ ጫፍ አድርሳ ውጣዋለች። ድንቡሼ አፏን ከፈታች ጀምሮ አብሯት ያደረ ነገር ነው።

ልጅዎን ቀን ቀን ማን ይይዘዋል? ትላለች፣ ልብስ አጣቢዋን ነው፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ የሆነውን፣ ከሳፋዋ ቀና ሳትል፣ እግዜር ነዋ፣ ሌላ ማን አለኝ ብለሽ ነው፣ ትላለች አጣቢዋ።

እግዜርን የሚቀበል ኮድ የለም። ባለፈው ዙር አዲሶቹ ጠያቂዎች ይሄው መልስ ሲደጋገምባቸው የሚያስገቡበት ቢያጡ፣ ሌላ ዘመድ፣ የሚለውን ሲነኩ ሰነበቱ፣ ሪፖርቱ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ በዘመድ የተከበበ ሆኖ ተገኘ፣ ማቆያም አያስፈልገውም ተባለ፣ አለቃው በስብሰባ ላይ፣ ታድለዋል እኮ፣ እኛ ነን ዘመድ ያጣነው፣ አለ። ነገሩ የገባት እሷ ብቻ ነበረች፣ ልትናገር ብድግ አለች፣ ፊቷ ደም መሰለ፣ ድምፅዋ አልወጣም፣ ውኃ ልጠጣ ነው ብላ ወጣች። በኋላ በጽሑፍ አስገባችው። እንዲህ ናት። አፍ አልፈጠረባትም።

አንቺስ ወልደሻል፣ እህቴ? ትላለች አጣቢዋ። አንዲት አለችኝ። እሷንስ ማን ይይዝልሻል? ሠራተኛ አለችኝ። ታድለሽ፣ ትላለች አጣቢዋ፣ ከልቧ ነው፣ ተንኮል የለበትም፣ አፍንጫው የተዝረከረከ ልጇ ቀሚሷን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ እማ፣ እማ፣ እማ ይላል፣ አንተ ልቀቀኝ፣ እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ እኮ፣ ስትል ባለ መታወቂያዋ እመቤት ቀሚሱን ታየዋለች፣ የተጨማደደውን፣ የልጅ ጭቃ እጅ የታተመበትን፣ የሷ ቀሚስ ንጹሕ ነው፣ ማንም አይጎትተውም፣ ታድለሽ፣ ታድለሽ፣ ማነው የታደለው።

ሞግዚቷ አንገቷ ላይ በክር ያሰረችው ቁልፍ አለ። ድንቡሼ ጥርስ ስታበቅል ያንን ቁልፍ ስታኝክ ነው የከረመችው፣ እስካሁንም ቀን ስትተኛ ካልጨበጠችው እንቅልፍ አይወስዳትም። እሷ ይሄን አይታ የብር ሐብል ገዛች፣ ለጌጥ እንዳይመስልህ ብትለው ኖሮ ለባሏ እውነቱን በነገረችው ነበር፣ ግን ለጌጥ ነው አለችው፣ ሐብሉን አድርጋ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ እይ የኔ ማር፣ ሲያብረቀርቅ፣ ድንቡሼ በአንድ ጣቷ ነካችውና ፊቷን አዞረች። የዛገ ቁልፍ። በዛገ ቁልፍ ተሸነፈች። የምን ቁልፍ ነው ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም፣ መጠየቅ ሥራዋ ሆኖ፣ ከደጇ ወዲህ አንድም ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም።

ልጅ እንዳላት ታውቃለች፣ ወንድ ነው፣ ጎረቤት ይይዝልኛል እትዬ ብላታለች ስትቀጠር፣ ጎረቤት ይይዘዋል ማለት በመጠይቁ ፍላጎቱ ተሟልቷል ማለት ነው፣ ጥሩ አለች፣ አለፈች። ሰፈሯም በዚህ በኩል መሆኑን ታውቃለች፣ የት ጋ እንደሆነ ግን አታውቅም፣ ላለማወቅም ስትል እዚህ ስትመጣ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው፣ ጎጆዋን ካየች፣ አልጋዋን ካየች፣ መቅናት ያቅታታል፣ መቅናት ካቃታት ደግሞ ምን ይቀራታል።

ትናንት የማቆያዋ ኃላፊ ደወለችላት። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቦታ ተለቋል፣ ቤተሰቡ ሰፈር ቀይሮ፣ ወረፋው ረጅም ነው ግን አጣዳፊ የምትይው ካለ እስከ ነገ ላኪልኝ። ስልኩን ሳትዘጋ ነው ሐሳቡ የመጣላት፣ እንደ እባብ ቀስ ብሎ። ሞግዚቷ አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች፣ ልጄን የሚይዝልኝ ባገኝ እኮ እትዬ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ይወስዱኝ ነበር፣ ብላ ነበር፣ ብላ ደግሞ ደንግጣ፣ እንዲያው ነው፣ እንዲያው ስቀባጥር። እንግዲህ ልጁ ማቆያ ይግባ። እናቱ ፋብሪካ ትግባ። ትሂድ። በሰላም፣ ተመርቃ፣ ጎረቤቱም ባሏም፣ ወይ ደግነት፣ ለሠራተኛዋ ልጅ ቦታ ያስገኘች እያለ ያሞግሳት፣ ድንቡሼ ለሁለት ሳምንት ታልቅስ፣ ከዚያ ወደ ማን ትሮጣለች፣ ወደ ማን ልትሮጥ ትችላለች፣ ሌላ ማን ቀረ። ሌሊቱን በሙሉ ይሄ ሐሳብ ሲያሞቃት አደረ። ማታ እጠይቃታለሁ፣ ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው ብዬ፣ ሳቅ ብዬ፣ እንደ እህት። የቅናት ደግነት። እንዲህ ያለ ነገር አለ? ይኸው አለ።

ከዚህ በኋላ የቀሩት የተዘጉት በሮች ናቸው። አዋቂ ሰው ሳይከፍት ተደጋግሞ የተንኳኳ በር፣ ሰው የለም፣ ተብሎ ይመዘገብና ከቆጠራው ይወጣል፣ ደንቡ ነው፣ ዘንድሮ ግን አለቃው፣ የተዘጉት በዙብኝ፣ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩልኝ አለ። የመጨረሻው በር ግቢው ጥግ ነው፣ ከውኃ ቧንቧው ጀርባ፣ ቆርቆሮ በር፣ በውጭ በኩል ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት። ከውጭ ተቆልፎ ምን ያንኳኳል ሰው። ታንኳኳለች። ግዴታዋን ነው።

እማዬ የለችም፣ ይላል በሩ።

ወገቧ ቀጥ ይላል። ድምፁ ከታች ነው የመጣው፣ በበሩና በግድግዳው መሀል ካለች ስንጥቅ፣ ጎንበስ ትላለች፣ አንዲት ዓይን። ሌላ ሰው አለ ውስጥ? የለም። ማንም? እኔ አለሁ፣ ይላል፣ ቅር ብሎታል። ስንት ጊዜ፣ ሰው የለም፣ ተብሎ ተጽፏል እዚህ በር ላይ፣ ማን ጻፈው፣ እሷ ራሷ ጽፋው ይሆን፣ ቀና ብላ የቤቱን ቁጥር ለማየት ትፈራለች።

ቀን ቀን ማን ይይዝሃል? ጥያቄው በራሱ ጊዜ ከአፏ ይወጣል፣ ልማድ ነው። ማንም፣ እኔ ትልቅ ነኝ፣ ይላል። ጎረቤትስ? ጎረቤት ድሮ ነበረች፣ አረጀችና ልጆቿ ወሰዷት። እናትህ የት ሄደች? ድንቡሼ ጋ።

ማን ጋ?

ድንቡሼ ጋ። አታውቂያትም? ጥንቸል አለቻት፣ የጨርቅ ናት፣ አንድ ጆሮ ብቻ።

ጆሮዋን ድንቡሼ ነክሳ ነው የቆረጠችው፣ እናቷ መልሼ እሰፋዋለሁ ብላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች፣ እስካሁን አልሰፋችውም፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ እርጥብ ነው ድንጋዩ፣ ይሁን። ጓጉንቸሩ ከዓይኗ ፊት ተንጠልጥሏል። ዝጓል። ቀዳዳውን ታየዋለች፣ የሚገባበትን ቁልፍ ታውቀዋለች፣ ቅርጹን፣ ጥርሶቹን፣ የልጇ ምራቅ ያበራውን ጫፉን፣ እኔ የቀናሁበት ቁልፍ፣ ልጄ አፍ ውስጥ ሲዞር የዋለው ይሄ ነው፣ በብር ሐብል የተፎካከርኩት ይሄን ነው።

ድንቡሼ መቼ ነው የምታድገው? ይላል ልጁ። ምነው? እሷ ስታድግ እማዬ ከኔ ጋር ትውላለች። ቀስ ብላ ነው የምታድገው አይደል? ቀስ ብላ ነው፣ ትላለች። እኔ አልወዳትም፣ ይላል ልጁ፣ ትሙት ግን አልልም፣ እማዬ ነውር ነው ብላለች።

ስልኳን ታወጣለች። ምን ልትል ነው። አቤት እትዬ፣ ትላለች ሞግዚቷ ገና ሳይጠራ፣ አይጨነቁ፣ ግንባሯን ቀዝቃዛ ጨርቅ ይዤላት ጎድሏል፣ አሁን እየሳቀች ነው። እውነትም ሳቁ ይሰማል። እትዬ? ልጅሽን፣ ትላለች፣ ልጅሽን ቀን ቀን ማን ይይዘዋል? ጎረቤት አለ እትዬ፣ ነግሬዎት የለ፣ ምነው፣ ምን ሆነ? እንደ ስብሰባው ቀን ውኃ ልጠጣ ብሎ የሚወጣበት በር እዚህ የለም፣ ስለዚህ ክንዷን ትዘረጋለች፣ ስልኩን ስንጥቁ ላይ ታስጠጋለች።

እማዬ፣ ይላል ልጁ።

ከስልኩ ውስጥ ትንፋሽ። ከዚያ፣ ከትንፋሹ ጀርባ፣ የወፍራሟ፣ የደልዳላዋ፣ የገዛ ልጇ ትንሽ ድምፅ፣ እማዬ፣ እማዬ ማነው? እማዬ! ይላል ልጁ በዚህ በኩል ጮክ ብሎ፣ እማዬ! ትላለች ልጅቷ በዚያ በኩል፣ እልህ ይዟት፣ አንዷን ሴት ነው ሁለቱም የሚጠሩት፣ በመሀል የተዘረጋ እጅ አለ፣ የእሷ፣ ማንም የማይጠራት፣ እጇ ይዝላል፣ አታጥፈውም። ይጥሩ። ጥሩ።

እትዬ፣ ትላለች ሞግዚቷ ስልኩ ወደ ጆሮዋ ሲመለስ፣ እያለቀሰች ነው፣ እትዬ አያባሩኝ፣ ውኃም ምግብም ትቼለት ነው፣ እሳት የሚባል የለም ቤት ውስጥ፣ አያባሩኝ። አላባርርሽም፣ ነይ። አሁን? አሁን፣ ቁልፉን ይዘሽ ነይ። ድንቡሼስ? ድንቡሼን አቅፈሻት ነይ፣ ካንቺ ሌላ ማን ጋ ትሆናለች። ይሄን ከአፏ አወጣችው። ከአፏ ወጣ፣ ሰማይም አልወደቀ።

ታብሌቱን ጭኗ ላይ ትከፍታለች። ቀን ቀን ማን ይይዘዋል፣ ማንም፣ የሚለውን ትነካለች። ሰው አለ። አጣዳፊ። ትልከዋለች፣ ያው ትናንት ልትልከው ያሰበችው ስም ነው፣ ያው ቦታ፣ ያው ልጅ፣ ግን ትናንት ሳቅ ብላ ልትልከው ነበር፣ ዛሬ እያፈረች ነው። ሞግዚቷ ፋብሪካ ትገባለች። ድንቡሼ በሩ ላይ ቆማ እማዬ እያለች ታለቅሳለች፣ ለሁለት ሳምንት አይደለም፣ እስከፈለገች ድረስ፣ እሷም ትሰማታለች። ቅናቱ ሄደ? የት ይሄዳል፣ እዚሁ ነው፣ ከጎኗ ቁጭ ብሏል። ሰኞስ ድንቡሼን ማን ይይዛታል? የሌላውን ቤት ሁሉ ስትጠይቅ የኖረች፣ አሁን ራሷን ትጠይቃለች፣ እግዜር ልበል፣ ወይስ ሌላ ዘመድ።

እየመጣች ነው? ይላል ልጁ። እየመጣች ነው። ብቻዋን? ከድንቡሼ ጋር። ስንጥቁ ላይ የነበረችው ዓይን ትጠፋለች፣ ኩርፊያ ነው፣ ይሄን ኩርፊያ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፣ ጠዋት መጋረጃ ሲያስተካክል አይታዋለች። ጣቷን በስንጥቁ ታስገባለች። ስማ፣ ትላለች፣ አንድ ምስጢር ልንገርህ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ አንተም ለማንም እንዳትነግር።

ለማን እነግራለሁ፣ ይላል፣ ተቆልፎብኝ፣ ጣቷንም ይይዛታል።