ለዕለት ልምምድ አይሆንም

የብርጓል ገብረ ኪዳን አርባ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ በባሕር ዳር በእሷ ዕድሜ ካሉ ሴቶች መካከል በየማለዳው የምትሮጥ እሷ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። ጎሕ ሲቀድ ፋሲሎ ካለው ቤቷ ትወጣና የጣናን ዳር ይዛ እስከ አባይ ድልድይ ትሮጣለች። ጉልበቷ ከፈቀደላት ቤዛዊት ኮረብታ ወጥታ ትመለሳለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ታጥባና ሽርጧን አስራ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካው የምርመራ ጠረጴዛ ላይ ትገኛለች።

ሥራዋ ጨርቅ ማየት ነው። ከሽመና ክፍል የወጣው ጨርቅ በመብራት ላይ ሲያልፍ ትመለከታለች፤ የተበጠሰ ድር፣ የዘይት ጠብታ ወይም የሳሳ ቦታ ካገኘች በቀይ ጠመኔ ምልክት ታደርግበታለች። በዚህ ጠረጴዛ ባሳለፈችው አሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ «ይህችን እንኳ እለፊያት» ያሏት አለቆች ብዙ ነበሩ። ያለፈችለት አንድም የለም።

ሩጫውንም ያለ ጥል አላገኘችውም። አባቷ ቁንዝላ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ባሕር ዳር መጥታ ክለብ መግባቷንና በቁምጣ መሮጧን የሰሙ ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ አላናገሯትም። እሷም አንድ ዓመት ሙሉ ሮጠች። ከሩጫው ያስቀራት አባቷ ሳይሆኑ አሰልጣኟ ጌትነት ነበር። ሃያ አንድ ዓመቷ ላይ የግራ ቅልጥሟን አመማት። ጌትነት ቅልጥሟ ደህና እንደሆነ፣ የደከመው ልቧ እንደሆነ ነገራትና በስስ ጫማዋ አስፋልት ላይ አስሮጣት። በሦስተኛው ሳምንት አጥንቷ ተሰንጥቆ ተገኘ። ክለቡ ስሟን ሰረዘ፤ እሷም ፋብሪካ ገባች፣ ቢያዝን የሚባል የፋብሪካውን መካኒክ አገባች፣ ሁለት ልጆች ወለደች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ አንድ ቀን ማንንም ሳታማክር፣ እንደገና መሮጥ ጀመረች።

በዚህ ዓመት ሚያዝያ ላይ አንዳርጋቸው የሚባል አስመጪ ከአዲስ አበባ መጥቶ ግሽ አባይ ውስጥ የስፖርት ዕቃ መደብር ከፈተ። ያመጣው ጫማ ሶሉ ወፍራም ነው፤ ከውስጥ ስፖንጅ ስላለው ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ገባ ብሎ ይነሣል። ለየቀኑ ልምምድ የተሠራ ነው ተብሎለታል። አንዳርጋቸው በብዛት ከመሸጡ በፊት አራት ሰዎች ለሁለት ወር ሮጠውበት እንዲገመግሙት ፈለገ። ሰዎቹን የሚመርጥለት አማካሪ አድርጎ የቀጠረው ደግሞ ጌትነትን ነበር። ጌትነት ከክለቡ ሦስት ወጣቶች መረጠ። አንዳርጋቸው አራተኛዋ ሰው የሚያምናት፣ ልጆች ያሏት ሴት ትሁን ስላለ፣ ጌትነት ሃያ ዓመት ሙሉ በመንገድ ሲያገኛት አንገቱን ብቻ ይነቀንቅላት የነበረችውን የብርጓልን ጠራት።

ቢያዝን ጫማውን አገላብጦ ካየ በኋላ ከዚያ አሰልጣኝ ሰውዬ ጋር ምን አገናኘሽ አላት። እሷ ግን ጫማውን ወደደችው። በእጅ መጫን ያጓጓል። በሥራ ልማዷ ከባሏ የመካኒክ መለኪያውን ካሊፐር ተውሳ የተረከዙን ስፖንጅ ውፍረት ለካች። ሠላሳ ስምንት ሚሊሜትር ነበር። ከልጆቿ አንድ ባዶ ደብተር ወሰደችና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፈች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ በዓል አለፉ። ከቤዛዊት ስትወርድ ሁልጊዜ የሚያስጨንቃት ጉልበቷ ዝም አለ። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጣ ፋብሪካ ስትገባ ደረጃውን ሳትደገፍ ወጣች። ይህንን ሁሉ ሳትሰስት ጻፈች፦ ጣቶች እንደልብ የሚዘረጉበት ሰፊ አፍንጫ አለው፣ ተረከዝ አይልጥም፣ ቢርስ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ጥሩውን ጥሩ ማለት ለእሷ ከባድ አልነበረም።

ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ካለፈች በኋላ ግን አንድ ማለዳ ግራ እግሯ መሬቱን መታው። ሌላ ቃል አላገኘችለትም፤ ያ ልስላሴው ጠፍቶ እግሯ መሬቱን መታው። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ቅዳሜ ስትለካው ሠላሳ ሦስት ሆኖ አገኘችው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሠላሳ ሁለት፣ ከዚያ ሠላሳ አንድ። ስፖንጁ ተጋድሞ አልነሣ አለ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ፋሲሎ ውስጥ የኮብልስቶኑ መታጠፊያ ላይ ተንሸራትታ መዳፏ ተላጠ። አንድ ጊዜ ወድቆ ጫማን መክሰስ ስላልወደደች ዝናብ በዘነበባቸው ሦስት ማለዳዎች እዚያው መታጠፊያ ላይ ሮጠችበት፤ አንዴ በአዲሱ፣ አንዴ በአሮጌ ጫማዋ እየቀያየረች። አሮጌው ይዞ ይቆማል። አዲሱ ይንሸራተታል። ይህንንም ጻፈች።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ጌትነት አንድ ወረቀት ይዞ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቃት። ወረቀቱ በኮምፒውተር ተጽፎ ያለቀ ግምገማ ነበር። ጫማው ለስላሳ፣ ዘላቂና በማንኛውም መንገድ ላይ ለዕለት ልምምድ ተስማሚ መሆኑን አራቱም ሯጮች አረጋግጠዋል ይላል። ሦስቱ ፈርመዋል። የእሷ ቦታ ባዶ ነው።

የብርጓል አንብባ ስትጨርስ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ሁለት ገጽ ገልጦ መለሰላት።

«ጫማው ምንም አልሆነም» አላት። «ያረጀው እግርሽ ነው፣ የብርጓል። አርባ ዓመት ካለፈሽ በኋላ ምን ጠብቀሽ ነበር?»

«አሰልጣኝ፣ ያኔም ልብሽ ነው ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርሁ አመንሁዎት። አሁን ግን ለክቼዋለሁ።»

«አንድ ፊርማ ነው። ማንም አያነበውም።»

«እኔ አንብቤዋለሁ» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

እሱ ከሄደ በኋላ ደብተሩን ከፍታ ቁጥሮቹን እንደገና አነበበች። በንዴት ነው ብትል ደስ ይላት ነበር፤ ግን ፍርሃትም ነበረበት። ምናልባት እውነት የእሷ እግር ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ሁለት ቀን አብሯት ሮጠ። በሦስተኛው ቀን ከፈረሙት መካከል አንዷ የሆነችውን ዜማን ጣና ዳር አገኘቻት። ዜማ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ከየብርጓል በብዙ ያንሳል፤ የክለቡ ተስፋ ናት ይባላል። ከዘንባባው ሥር ተቀምጣ ቅልጥሟን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

የብርጓል አጠገቧ ተቀመጠችና ጫማዋን እንድታወልቅ ጠየቀቻት። ካሊፐሩ ከቦርሳዋ አይለይም ነበር፤ አውጥታ ለካች። የዜማ ጫማ ሠላሳ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ዜማ ሕመሙ ከጀመራት ሦስት ሳምንት እንደሆነ፣ ለማንም እንዳልተናገረች፣ ወደ ክረምቱ ካምፕ የሚሄዱትን ስም ዝርዝር የሚያወጣው ጌትነት ስለሆነ ወረቀቱን ሳታነብ እንደፈረመች እያለቀሰች ነገረቻት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ የብርጓል» አለች። «ብቻዎን አደረግንዎት።»

«አንቺን የሚያስፈራሩበት ካምፕ አላቸው። እኔን የሚያስቀሩኝ ካምፕ የለም። ይልቅ ዛሬ እንዳትሮጪ፤ ቅልጥምሽን ለሐኪም አሳዪ።»

የዚያን ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ግሽ አባይ ሄደች። አንዳርጋቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሳበላት፣ ደብተሩንም ከጌትነት በተሻለ ትዕግሥት አገላበጠ። ከዚያም አራት መቶ ጥንድ መጋዘን ውስጥ እንዳለ፣ ከገዢዎቹ አብዛኞቹ በሳምንት አንድ ቀን የሚራመዱ እንጂ እንደ እሷ የሚሮጡ እንዳልሆኑ አስረዳት። እሷም እንግዲያውስ ለሳምንት አንድ ቀን የሚሆን ጫማ ነው ብሎ ይጻፍበት አለችው። ሳቀ። አስብበታለሁ ብሎ እስከ በሩ ሸኛት።

ያሰበውን ዓርብ ዕለት አየችው። መደብሩ በሐምሌ የመጀመሪያ እሑድ ጣና ዳር የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ አዘጋጅቶ ነበር። መነሻው ላይ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ ጫማውን በሰጧት ቀን ያነሷት ፎቶ አለ፤ ፈገግ ብላለች። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «በየቀኑ እሮጥበታለሁ! የብርጓል» የሚል ተጽፏል።

ከባጃጅ ወርዳ ከባነሩ ሥር ብዙ ቆመች። አንድ የፋብሪካ ባልደረባዋ በዚያ ሲያልፍ እንኳን ደስ አለሽ አላት። ያላለችውን ነገር የገዛ ፊቷ ሲናገር ማየት ከስድብ በላይ አቃጠላት። ወደ መደብሩ ሄደች፤ አንዳርጋቸው አልነበረም። ጌትነት ነበረ፤ ታትሞ የተሰቀለ ነገር እንደማይወርድ ነገራት።

ቤቷ ስትገባ ቢያዝን ነገሩን ሰምቶ ጠበቃት። ጠብ የማይወድ ሰው ነው። የዘንድሮው ሩጫ ቢቀርብሽስ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሰው ይረሳዋል አላት።

«ፎቶዬ እዚያ ቆሞ እኔ ቤት ልቀመጥ?» አለችው። «ባነሩ ላይ ያለችውን ሴት እንጃ። እኔ ግን እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከፋብሪካው በቅናሽ ከምትገዛው እንከን ያለበት አቡጀዲ ሁለት ክንድ ቀደደች። በወፍራም ጥቁር ብዕር ቀስ ብላ ጻፈችበት፦

«ይህን ጫማ 480 ኪሎ ሜትር ሮጬበታለሁ። እስከ 250 ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ሶሉ ይሞታል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ለዕለት ልምምድ አይሆንም። የብርጓል ገብረ ኪዳን።»

በሩጫ ካናቴራዋ ጀርባ ላይ ስትሰፋው ቢያዝን ሳይጠየቅ መጥቶ የጨርቁን ጫፍ ያዘላት። «ሚሊሜትሩን ለምን አልጻፍሽም?» አላት። ፊደሉ ያንሳል፣ ከሩቅ አይነበብም አለችው።

እሑድ ማለዳ ሰማዩ ደመናማ ነበር፤ አስፋልቱም ከሌሊቱ ዝናብ ገና አልደረቀም። የብርጓል አሮጌ ጫማዋን አድርጋ፣ ቁጥሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በሰልፉ መካከል አልፋ ከፊተኛው መስመር ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሹክሹክታ ተነሣ። አንዱ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ አንዱ ስልኩን አወጣ። ጌትነት ከመድረኩ ወርዶ መጣና ከመስመሩ እንድትወጣ አዘዛት።

«ቁጥር አለኝ» አለችው።

«ምን እያደረግሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ገምግሚ ብላችሁኝ ነበር። ግምገማዬ ነው።»

ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ግን ስልኮቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረዋልና መልሶ ኪሱ ከተተው። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ።

ከወጣትነቷ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም። ከፊት የተነሣችው ለማሸነፍ አልነበረም፤ የሚቀድማት ሁሉ ሳያነብ እንዳያልፍ ነው። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ደረሱባት፣ ከጀርባዋ ትንሽ ዘገዩ፣ አነበቡና አለፉ። አንዳንዱ ሲያልፍ አውራ ጣቱን ያሳያታል። አንዱ ፀረ ንግድ ናት ብሎ አጉረመረመ። እሷ አልመለሰችም፤ ትንፋሿን ለሩጫው ፈለገችው። አባይ ድልድይ ላይ ስትዞር እግሮቿ ከእሷ ጋር ነበሩ፤ ቅልጥሟም ጉልበቷም ዝም ብለዋል።

ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዜማን መንገድ ዳር አየቻት። በመደብሩ ትእዛዝ አዲሱን ጫማ አድርጋ እየመራች ነበር የሄደችው፤ አሁን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ማሰሪያውን ትፈታለች። የብርጓል ልትቆም ስትል ዜማ ይሂዱ ብላ በእጇ አሳየቻት። የብርጓል ከዘጠና በላይ ሰው ቀድሟት ገባች። ውኃ ጠጥታ ሳትጨርስ ዜማ ከባጃጅ ወርዳ፣ በካልሲ እያነከሰች፣ ጫማዎቹን በእጇ አንጠልጥላ መጣች። ማንንም ሳታይ ወደ መደብሩ ጠረጴዛ ሄዳ ፊርማዋ ያለበትን ወረቀት ጠየቀች። ጌትነት አልሰጣትም። ጫማዎቹን ሶላቸውን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ፊርማዬን አንስቻለሁ አለች። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ሰማት።

በማግስቱ ባነሩ እዚያው ነበር፤ የብርጓል ፊት ግን የለም። አንዳርጋቸው በመቀስ አስቆርጦ አውጥቶታል። በቀዳዳው በኩል ጣና ይታያል። አላፊ አግዳሚው ቀዳዳውን እያየ ማን እንደነበረች ይጠይቃል፤ የሚያውቅም ይነግረዋል። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ቆየ።

ነገሩ ሁሉ በመልካም አልተፈጸመም። ዜማ የካምፑ ዝርዝር ውስጥ አልገባችም። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እረፊ አላት፤ ሌላ ሁለት ሳምንት ብትሮጥበት ይሰነጠቅ እንደነበር ለእናቷ ነግሯቸዋል። እናቷ ሙሉነሽ የብርጓልን ለማመስገን ይሁን ለመውቀስ ሳይለዩ ቤቷ መጥተው አንድ ሰዓት ተቀመጡ። የልጃቸው ካምፕ መቅረቱ አቃጥሏቸዋል፤ እግሯ መትረፉ ደግሞ አስደስቷቸዋል፤ ሁለቱንም ተናገሩ። የብርጓልም ሁለቱንም ሰማች። ጌትነት ለሰው ሁሉ ዝና ፈልጋ ነው እያለ ያወራል ይባላል።

ነሐሴ መግቢያ ላይ አንዳርጋቸው ስልክ ደወለላት። ሰው መደብሩ ሲገባ «ሴትዮዋ የጻፈችበት የትኛው ነው?» እያለ እንደሚጠይቀው፣ በመጨረሻም «ለእግር ጉዞ» ብሎ ሌላ ወረቀት እንደለጠፈበት ነገራት። የፎቶውን ነገር ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታው አጭርና የተቸገረ ነበር፤ እሷ ግን ተቀበለችው። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ሌላ ዓይነት ጫማ መጥቶልኛል» አላት። «እንድትሞክሪልኝ ፈልጌ ነበር።»

«እሞክረዋለሁ። ግን ደብተሬ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳይቀነስ መደብርህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጥሩም ብል መጥፎም ብል።»

ስልኩን ሳይዘጋ አንድ ደንበኛ ሲያስተናግድ ተሰማት።

«ይሄ ይከብዳል፣ እህቴ። አስቤበት እደውላለሁ።»

«አስብበት» አለችና ስልኩን ዘጋች።

እስካሁን አልደወለም። የብርጓል ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ካሊፐሩን ፈልገው ደጇ የሚመጡ ሯጮች አላጣችም። ክለብ ያላቸውም የሌላቸውም ጫማቸውን አውልቀው በረንዳዋ ላይ ይደረድራሉ። እሷም ሽርጧን አስራ ትለካለች፣ የለካችውን ትጽፋለች፤ ሶሉ የሞተ ሲያጋጥማት ከፋብሪካ ባመጣችው ቀይ ጠመኔ ተረከዙ ላይ ምልክት ታደርግበታለች።