ፍሪሲዮኑን ማን ፈታው?

ጸሐይዋ ለሦስተኛ ጊዜ ከወረቀቱ ሸሸች።

ዶክተሩ በትምህርት ቤቱ ፎቅ አናት ላይ ተንበርክኮ ያያታል። ከቴሌስኮፑ ጀርባ በዘረጋው ነጭ ወረቀት ላይ የሳህን ያህል ሆና ታበራለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ጠርዙ፣ ከጠርዙም ወደ ሲሚንቶው ትወርዳለች። ቱቦውን ከጸሐይዋ ጋር የሚያዞረው የመቆሚያው ሞተር ግን አላቆመም፤ እንደ ጠገበች ድመት ያንኮራፋል። ሞተሩ ይዞራል፣ ቱቦው ባለበት ተገትሯል። ሁለቱን የሚያያይዘው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው።

ዳይሬክተሩ ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነግረውታል። ቅዳሜ ጠዋት ጨረቃ የጸሐይዋን ሲሶ ትሸፍናለች፤ ወላጆች ተጠርተዋል። "ከሠራ፣ እዚህ አናት ላይ ያለው ክፍል ያንተ ነው፤ ታስተምርበታለህ። ካልሠራ የውሃ ታንከር ይተከልበታል። እኔ በሁለቱም ደስ ይለኛል።" ዶክተሩ ክፍሉን ካጣ ሌላ የሚይዘው ሥራ የለውም። ያኔ፣ ስምንት ዓመት ተቀምጦ ትምህርቱን ሳይጨርስ ጥሎት ወደመጣው ሩቅ አገር አንገቱን ደፍቶ መመለስ ነው። ዶክተር የሚሉትም ዘመዶቹ ናቸው፤ አክብረው ይሁን አሽሟጠው እስካሁን አልገባውም።

ዛሬ ረቡዕ ነው።

ፍሪሲዮኑን የጠገነለት የታላቅ እህቱ ባል ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ፍሪሲዮን ሲያድስ የኖረ ሰው ነው፤ "ሚሊሜትር ብስት ጣቴን ቁረጡ" ማለት ስለሚወድ ስሙ ሚሊሜትር ሆኖ ቀረ። ጣቶቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ስለ አሥረኛው ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። መቆሚያውን ከፍቶ በብረቶቹ መሃል ተጭና የምትይዘውን ስሷን ክብ ሸራ ሲያያት "ይቺማ መላጣ ሆናለች" አለና፣ ከታክሲ ከወጣ የፍሪሲዮን ሸራ ላይ በልኳ አዲስ ቆረጠ። ሰኞ ገጠመው፤ ሠራ። ማክሰኞ ተንሸራተተ። ከሥራ ሲወጣ ብቅ ብሎ ከውጭ አጠበቀው፤ ሠራ። ዛሬ ይኸው።

ዶክተሩ ማሰብ ጀመረ፤ እሱ ማሰብ ከጀመረ ደግሞ ፍሬን የለውም። ከታክሲ የወጣ ሸራ? ስንት ዳገት የወጣ ቢሆን ነው? አሮጌዋን ሸራስ ለምን ኪሱ ከቶ ሄደ? ሰኞ ሲገጥም ለምን ጀርባውን ሰጠኝ? ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነው። ታንከሩ የሚቆምበትን ብረት የሚበይደው ማነው? ሚሊሜትር። ይህን ደግሞ የሰማው ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እንጂ ከራሱ ከሚሊሜትር አይደለም።

ስለዚህ ሰኞም ማክሰኞም እንዳደረገው ግራ ቀኙን አይቶ መፍቻውን ከኪሱ አወጣ። የክዳኑ ብሎን እንዳይቧጨር በመጀመሪያ ከውጭ ካመጣው ግሪስ ጥቂት በጣቱ ቀባው። በትንሽ ቆርቆሮ ያለ፣ ናና ናና የሚሸት ግሪስ ነው፤ ለማንም አያውሰውም። ክዳኑን ከፈተ፣ ሸራውን አወጣ፣ ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው፣ በአውራ ጣቱ አሸው። ውፍረቱን ለካ፤ ያው ነው። ኩሽኔታዎቹን ቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም። መልሶ ሲገጥመው፣ ምንም የጎደለ ነገር አለማግኘቱ ይበልጥ አስጠረጠረው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚሊሜትር የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። የዶክተሩ እህትም እያለከለከች ከኋላው ደረጃውን ወጣች።

"ባሌን ከጸሐይ ጋር ምን እንዲህ እንዳፋቀረው ልይ ብዬ ነው" አለች። "አንተ ደግሞ ምነው እንዲህ ከሳህ?"

"ደህና ነኝ፣ እትዬ።"

ሚሊሜትር አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የክዳኑን ብሎን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ ዶክተሩን።

"ማን ፈታው?"

"ምኑን?"

"ማክሰኞ ሳጠብቀው ከብሎኑ እስከ ክዳኑ ቀይ ቀለም አስምሬበት ነበር። የማንንም መኪና ሳስረክብ አሰምራለሁ፤ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ሲነካካው ይከርምና 'አበላሸህብኝ' ብሎ ይመጣል። መስመሩ ገጥሞ አልተመለሰም።"

የዶክተሩ አንገት ጋለ። ስምንት ዓመት ኮከብ ሲያይ የኖረ ሰው አፍንጫው ሥር ያለ ቀይ ቀለም አላየም።

"ዘበኛው ይሆናል" አለ።

"ጋሼ! እስቲ አንዴ ወደ ላይ ይምጡ!" እህቱ፣ እሱ ሳያስቆማት፣ ወደ ደረጃው ተጣራች።

ሽማግሌው ዘበኛ ወጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እኔ? ዳይሬክተሩ 'የነካው ሰው ከሥራው ይባረራል' ካሉኝ ወዲህ እንኳን ልነካው፣ ጥላውንም አልረግጥ።"

ይህን ብለው ዶክተሩን አዩት። ኮፍያቸውን በእጃቸው ማዞር ጀመሩ፤ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር።

"እኔ ነኝ" አለ ዶክተሩ። "እሳቸው አይደሉም። ሦስት ቀን ሙሉ የፈታሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ደህና" አሉ ዘበኛው፤ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና ወረዱ።

ሚሊሜትር ሸራውን አውጥቶ አሸተተው። "ናና" አለ። "ፍሪሲዮን የሚይዘው ደረቅ ሲሆን ነው። አንተ ደግሞ በግሪስ ጣትህ አሽተህ አሽተህ ሳሙና አደረግኸው። ባትነካካው ኖሮ ሰኞ እንደሠራ ይቀር ነበር።"

"ምን ልታገኝ ነው የፈታኸው?" አለች እህቱ። መልስ ሳይሰጣት ገባት። "ባሌን ሌባ ልታደርገው?"

"ታንከሩን የሚበይደው እሱ ነው፣ እትዬ። ይሄ ካልሠራ ሥራ ያገኛል።"

"እውነቱን ነው" አለ ሚሊሜትር። "ካልሠራ እበይዳለሁ። ከሠራ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አፍ እያለህ ለምን አትጠይቀኝም?"

"አሮጌዋን ሸራ ለምን ወሰድካት?"

"ለልክ። እነኋት።" ከኪሱ አወጣት።

"ሰኞስ? ጀርባህን ለምን ሰጠኸኝ?"

"ጸሐይዋ ዓይኔ ውስጥ እየገባች ነበራ!"

እህቱ ሳትወድ በግድ ሳቀች፤ ከዚያ ወንድሟን ክንዱ ላይ ቆነጠጠችው፤ በደንብ።

ሚሊሜትር ሸራውን ሁለቴ በቤንዚን አጥቦ ነፋስ ላይ አደረቀው። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አደረገ፤ የሚጫኑትን ብረቶች በንጹህ ጨርቅ ወለወለ። ከገጠመ በኋላ ቱቦውን በእጁ ገፋው፤ ቱቦው እምቢ እያለ ሄደለት። "እጅ ሲጫነው መሸሽ አለበት፤ አለዚያ የሞተሩ ጥርስ ይበላል። ሞተር ሲነዳው ግን አይሸሽም። አሁን እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት።" ቀለም አላሰመረም። መፍቻውን ዶክተሩ እጅ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ዓርብ ጸሐይዋ ከወረቀቱ መሃል ሳትነቃነቅ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆመች። ዶክተሩ ግን አላመነም። ቤንዚኑ በደንብ ባይደርቅስ? ለምን ቀለም ሳያሰምር ሄደ? መፍቻውን ሁለት ጊዜ አነሳ። በሦስተኛው ወደ ደረጃው ሄዶ ዘበኛውን ጠራ።

"አባባ፣ እባክዎ አጠገቤ ይቀመጡልኝ።"

"ከማን ልጠብቅህ?"

"ከራሴ።"

ሽማግሌው ወንበራቸውን ይዘው ወጡ፤ መፍቻውን ተቀብለው ተቀመጡበት።

ቅዳሜ ጠዋት የፎቁ አናት በወላጅ ሞላ። ጸሐይዋ ወረቀቱ ላይ ቆማ፣ ከግራ ጎኗ እየተገመጠች፣ ሲሶዋ ሄደ። ቱቦው አልተንሸራተተም። አንዲት እናት "ይሄ ጨረቃ ነው በለኝ?" እያሉ ደጋግመው ጠየቁት፤ ደጋግሞ "አዎ" አላቸው። ዳይሬክተሩ የክፍሉን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ጨመሩለት።

ያኔ ነው ያየው። ሚሊሜትርና ዳይሬክተሩ ጥግ ይዘው በሹክሹክታ ያወራሉ። ሚሊሜትር በእጁ የሆነ ነገር ይለካል። ዶክተሩ ወደ እህቱ ዞሮ "ምን እያወሩ ነው?" ሊላት ነበር፤ ተወው። በሰዉ መሃል አሳብሮ ሄዶ መሃላቸው ቆመ።

"ምን እያላችሁ ነው?"

"ስለ ታንከሩ" አለ ሚሊሜትር፣ ዓይኑን ሳይሰብር። "ከታች፣ ከጥበቃው ቤት ጀርባ ይተከል እያልኳቸው ነው። ብየዳው የኔ ነው። ቅር አለህ?"

"ኧረ አላለኝም" አለ ዶክተሩ።

ትንሽ ብሎት ነበር።