የኡርፖ ረጅም ዘንግ

ኡርፖ ቀጥተኛ ሰው ነው። ግብሩን በጊዜው ይከፍላል፤ የጎረቤት ፖም አጥር አልፎ ግቢው ቢወድቅ እንኳ መልሶ ይወረውራል። አሳ የት እንደሚያጠምድ ከጠየቃችሁት ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻችኋል። አይፈረድበትም። ሐይቅ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ የፊንላንድ ከተማ ሰው የባንክ ምስጢር ቁጥሩን ለጎረቤቱ ይነግር ይሆናል እንጂ የአሳ ቦታውን ትንፍሽ አይልም።

የዘንድሮው ጭንቀቱ ግን ከወትሮው የባሰ ነበር። የሰኔው የዮሐንስ በዓል ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። በዋዜማው ዘመድ ሁሉ እሱ ቤት ይሰበሰባል፤ የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ተገብቶ ከተወጣ በኋላ ሆዱ በሩዝና በእንቁላል የታጨቀ፣ ፓይክ የሚሉት ትልቅ አሳ ከምድጃ ወጥቶ ይቀርባል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ያንን አሳ ያመጣው የሚስቱ የሳይማ ወንድም አርማስ ነው። ማምጣቱስ ባልከፋ። ንግግር ያደርጋል እንጂ! ብርጭቆውን በማንኪያ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ይነሳና ፓይኩ እንዴት እንደታገለው፣ እሱ እንዴት እንዳልተበገረ፣ ጥርሱ እንዴት እንደሚያስፈራ ያወራል። አሳው ሳህን ላይ እየተበላ ባነሰ ቁጥር አርማስ አፍ ውስጥ እያደገ ይሄዳል። በመጨረሻም የኡርፖን ትከሻ መታ መታ ያደርግና «አይዞህ አማቼ፣ አንተም አንድ ቀን ይቀናሃል» ይለዋል። ኡርፖ ይህን ለአራተኛ ጊዜ ከሚሰማ ሐይቁ ቢውጠው ይመርጣል።

አሳውማ አለ። የት እንዳለ ያውቃል። ከባቡር ድልድዩ ሥር፣ ውሃው በሚጠብበት፣ ሸምበቆው በሚያልቅበት ቦታ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ ጎንበስ ብሎ ለሚቆም አንድ ሰው ትበቃለች። በግንቦት ወር እዚያ ቆሞ ማታለያውን፣ ባለ መንጠቆ የላስቲክ አሳውን፣ ሲጥል አንድ የሰው ክንድ የሚያህል ፓይክ ላፍ አደረገለት። ኡርፖ ሳበ። የማጥመጃ ዘንጉ ግን የአባቱ ነው፤ በጥንት ጊዜ ማንኪያ ለሚመስል የብረት ማታለያ የተሠራ ልፍስፍስ። እስከ እጀታው ድረስ ተቆለመመ፤ መንጠቆው የፓይኩን ደረቅ መንጋጋ ሳይበሳ ቀረ። አሳው ላስቲኩን ጣዕሙ እንዳለቀ ማስቲካ ተፍቶለት ሄደ። ኡርፖ ያን ቀን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ስለዚህ አዲስ ዘንግ ያስፈልገዋል። በከተማዋ ያለው ሱቅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ የራውሃ። ራውሃ ከሳይማ ጋር በአንድ መዘምራን ቡድን ትዘምራለች፤ ለዮሐንስም በየዓመቱ እነኡርፖ ቤት ናት። ሱቋ ውስጥ ጠዋት የተባለ ነገር ማታ መዝሙር ልምምድ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ አርማስ ጆሮ ለመግባት እስከ እራት እንኳ አይቆይም።

«ለፓይክ የሚሆን ዘንግ እፈልጋለሁ» አላት። «በላስቲክ አሳ ነው የማጠምደው።»

«እሰይ! የአባትህን ምርኩዝ ልትጥለው ነው በለኛ!»

«ጠንከር ያለ ይሁን። ጫፉ የማይልፈሰፈስ።»

«እሱማ ግድ ነው። ላስቲኩን ሲነክስልህ ወዲያው ካልመነጨቅከው ይተፋዋል። ርዝመቱን ግን እንዲሁ በደፈናው አልነግርህም። የት ነው የምታጠምደው?»

ኡርፖ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ላብ በላብ ሆነ።

«ውሃ ላይ።»

«እኔ ደግሞ ጣሪያ ላይ መስሎኝ! ከጀልባ ነው ከዳር?»

«ከዳር።»

«ከራስህ በላይ የሚጋርድ ነገር አለ? ዛፍ፣ ምናምን?»

«ምንም የለም!» ድምፁ ሳያስበው ጮክ አለ። «ሰማይ ብቻ ነው።»

«ሸምበቆስ?»

«ለመድኃኒት አታገኚም።»

«ጥልቅ ነው?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ዋና ቦታው ጋ ነዋ፣ ልጆቹ ዘለው የሚገቡበት።»

«እንዴት አወቅሽብኝ?» አለ ኡርፖ፣ በገዛ ተንኮሉ ደስ እያለው።

ራውሃ ከመነጽሯ በላይ ለአፍታ አየችውና ወደ ጓዳ ገብታ ከኡርፖ ቁመት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ዘንግ ይዛ ወጣች። «ከገላጣ ዳር ሩቅ ለመወርወር ከዚህ የተሻለ የለኝም» አለችው። እውነቷን ነው። ራሱን እያመመው ሐኪሙን እግሬን ነው የሚያመኝ ያለ ሰው፣ የእግር ቅባት ተሰጠኝ ብሎ ማንን ይወቅሳል?

በማግስቱ ማለዳ ድልድዩ ሥር ገባ። ዘንጉን ወደ ኋላ ሊያነሳ ሲል ጫፉ የድልድዩን ብረት መታ። በጎን ሞከረ፣ መታ። ቁጢጥ ብሎ ሞከረ፣ አሁንም መታ፤ ላስቲኩም እግሩ ሥር ጠብ አለ። ፓይኩ እዚያው ነበር። ጥላውን አየው። ኡርፖን ታዝቦ ሲያበቃ ቀስ ብሎ ወደ ጥልቁ ሄደ።

ረቡዕ ዕለት ዘንጉን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ራውሃ ሱቅ ተመለሰ። በሩን ሲከፍት አርማስ ባንኮኒው ጋ ቆሟል። እሱም በመጋረጃ የተጠቀለለ፣ ከጣሪያው ጋር ሊጋጭ የደረሰ ረጅም ነገር ታቅፏል።

«መጋረጃ መስቀያ ነው» አለ አርማስ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እኔም» አለ ኡርፖ።

ራውሃ ሁለቱንም ተቀብላ ፈታቻቸውና ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አጋደመቻቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዘንጎች ናቸው። ያው ርዝመት፣ ያው ጥንካሬ። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ጀልባዬን ቀለም ስቀባ ነክቶት ነው» አለ ኡርፖ።

«ጀልባህ ከሰመጠች ሁለት ዓመቷ። አንተስ?»

«የሳውናዬ በር ነው» አለ አርማስ።

«የሳውናህ በር ቀይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሚስትህ ጋር ገብቼበታለሁ።»

ሦስቱም በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከመንገዱ መጨረሻ የባቡር ድልድዩ ይታያል። በዚያው ሳምንት እንደ አዲስ የተቀባ፣ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ።

ኡርፖ ነገሩ ገባው። እሱ ማለዳ ይሄዳል፤ አርማስ እንግዲህ አመሻሽ ላይ መሆኑ ነው። በዚያችው ድንጋይ ላይ! የሦስቱ ዓመት አሳ፣ የሦስቱ ዓመት ንግግር፣ ሁሉም የመጣው ኡርፖ የኔ ብቻ ብሎ ሲሳሳላት ከነበረችው ድንጋይ ነው። አርማስ ደግሞ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ያለፉትን ዓመታት አሳዎች በሚስቱ አጭር ዘንግ ሲይዝ ኖሮ፣ ያ ዘንግ በመጋቢት ስለተሰበረበት አዲስ ሊገዛ መጥቶ የኡርፖን ዓይነት ውሸት እዚሁ ባንኮኒ ላይ ዋሽቶ ነበር።

ራውሃ ከጀርባዋ አንድ አጭር፣ ቆፍጠን ያለ ዘንግ አወረደች። ሰው ቆሞ ቢይዘው ከግንባሩ ብዙም አያልፍም።

«የቀረኝ ይሄ አንድ ብቻ ነው» አለች። «ለላስቲክ አሳ የሚሆን፣ ደረቅ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚያጠምድ ሰው የተሠራ። ከአንዳች ነገር ሥር ቆሜ ነው የማጠምደው የሚል ካለ ይናገርና ይውሰደው።»

ኡርፖ ዘንጉን አየ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። ቃሉ ግን አርማስ ፊት ካፉ ከወጣ ቦታው ሄደ ማለት ነው፤ አርማስም ይህንኑ እያሰበ ጣሪያውን ያያል።

«እኔ እንኳ» አለ ኡርፖ በመጨረሻ፣ «ረጅሙ ተስማምቶኛል።»

«ለኔም ልክ ነው» አለ አርማስ። «አንድ ጊዜ ላሳይሽ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ሁለቱም ረጃጅም ዘንጎቻቸውን ጠቅልለው ወጡ። በሩ ጠባብ ስለነበር ተራ በተራ፣ ጫፍ ለጫፍ እየተጋጩ ነው የወጡት። ራውሃ ከኋላቸው በሩን ቆለፈችና «ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈች።

ሐሙስ ማለዳ ኡርፖ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አርማስ ቀድሞት ቆሟል። ሁለቱም ዘንግ አልያዙም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ድልድዩን አዩ።

«ቀለሙ ጥሩ ነው» አለ አርማስ።

«ጥሩ ነው» አለ ኡርፖ።

«ዝገት ይከላከላል።»

«ይከላከላል እንጂ።»

ከዚያ ወደየቤታቸው ሄዱ። ኡርፖ መንገዱን ሙሉ አማቹን በልቡ ሲረግም፣ ራሱን ደግሞ ከዚያ አብልጦ ሲረግም ነበር።

በዋዜማው ቀትር ላይ ራውሃ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ከኋላ መጫኛው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታስሯል፤ በአንድ በኩል ጭራ፣ በሌላ በኩል ጥርሳም አፍ ብቅ ብሏል። ኡርፖ ያንን አፍ ወዲያው አወቀው። ሳይማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አርማስ ጠርሙስ ሙሉ የኮመጠጠ ትናንሽ አሳ ይዞ ሲመጣ ምድጃው ውስጥ ያለውን አየና ጠርሙሱን ከጀርባው ደበቀ።

ማታ፣ ፀሐይዋ ገና ከሐይቁ በላይ ሳለች፣ ሁሉም ማዕድ ከበበ። ራውሃ ብርጭቆዋን በማንኪያ ቀጭ አድርጋ ተነሳች።

«አሳው መጣ፤ ያዝኩት፤ ብሉ» አለች። ንግግሩ ይኸው ነበር። ከዚያ በአንድ እጇ የኡርፖን፣ በሌላው የአርማስን ትከሻ መታ መታ አደረገችና «አይዟችሁ፣ እናንተም አንድ ቀን ይቀናችኋል» አለቻቸው።

ኡርፖ የአርማስን ፊት አየ። ይህን ፊት ለማየት ሦስት ዓመት ሙሉ ሲመኝ ኖሯል። አሁን ሲያየው ግን ደስ አላለውም፤ የራሱን ፊት በመስታወት ያየ ነው የመሰለው። አሳዘነው። ከፓይኩ ጉንጭ ላይ ምርጡን ሥጋ ቆርጦ አማቹ ሳህን ላይ አስቀመጠለት። አርማስ ቀና ብሎ አየው፤ ድንቹንም አቀበለው።

«ለመሆኑ ራውሃ» አለች ሳይማ፣ «ይህን የሚያህል አሳ የት ነው የያዝሽው?»

የአርማስ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ራውሃ አፏን ከፈተች።

«ዋና ቦታው ጋ!» አሉ ኡርፖና አርማስ እኩል፣ በአንድ ድምፅ።

ሳይማ ተራ በተራ አየቻቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ሰምታ አታውቅም።

«አዎ፣ እዚያው ነው» አለች ራውሃ፣ ጨውን ወደ ራሷ እየሳበች። «ረጅም ዘንግ ግን ይፈልጋል።»