ባልዲው በክብር ሲቀመጥ

ተማሪው ሁሉ «እትዬ ዝምታ» የሚላቸው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የጥንቱ ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር የሚደቅኑት አንድ የተጨረማመተ ባልዲ ነበራቸው። ሕንፃው ታድሶ በተመረቀ ዕለት ባልዲያቸውን የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት አገኙት፤ «የችግር ዘመን ቅርስ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ምነው እኔንም አብራችሁ በቆለፋችሁብኝ!» አሉ በሆዳቸው።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አዲሱን ጣሪያ ሲያሞግሱ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። የመጀመሪያው ጠብታ መላጣቸው ላይ አረፈ፤ የቀረው መጻሕፍቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እትዬ ዝምታ ወደ ሳጥኑ ተንደረደሩ።

«እትዬ፣ ቅርስ አይነካም!» ብለው ጮኹ ፕሬዚዳንቱ።

«አልነካም ጌታዬ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፤ «እንግዲያው ባርኔጣዎን ያቀብሉኝ።»