አካፋ የሌላት ቆፋሪ

ሰዓት ሠሪው ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሱቁን ዘጋ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይደብቃል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እዚያው ክፍል ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ሰረቅ እያደረገች ታየዋለች።

«ጣቶቹ ሥራ ይፈልጋሉ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ደስ የሚለው ሥራ» ብላታለች ሐኪም ቤት እጁን የምታሠራው ባለሙያ። ሚስቱም በሳህን የልብስ ቁልፍ ሞልታ «በየቀለሙ ለይልኝ» ብትለው ሳህኑን ገፋው።

«ደግሞ ሕፃን አደረግሽኝ?»

ከዚያ ወዲያ አልነካካችውም።

አንድ ቀን ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ፣ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ድረስ ስትሸኛት፣ ላይተር የምታክል ነገር ከቦርሳዋ አወጣች። ወንድሟ ገዝቶ፣ ሰልችቶት መሳቢያ ውስጥ የጣላት፣ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ ቢትኮይን የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ የምትቆፍር ማሽን ነበረች።

«ለባለቤትሽ ጊዜ ማሳለፊያ ትሁነው። ገንዘብ ግን እንዳትጠብቂ፤ የምትበላውን መብራት እንኳ አትመልስም።»

«ገንዘቡ ይቅርብኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ደንበኛዋ እንደሄደች ገብታ ማሽኗን ባሏ ፊት አስቀመጠችለት።

«ምንድን ናት?»

«ቢትኮይን ትቆፍራለች አሉ። እኔ አላውቅበትም፤ እስቲ አንተ ሞክራት።»

«በምኗ ልትቆፍር? አካፋ የላት፣ ዶማ የላት!»

ከታመመ ወዲህ ሲቀልድ ስትሰማው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ላፕቶፑን አቀረበችለት።

ሲያነብ ዋለ፤ እያነበበም ያስረዳት ጀመር። «ነገሩ ግምት ነው። በየአገሩ ያሉ ማሽኖች አንድ ቁጥር ፍለጋ ሲገምቱ ይውላሉ፤ ቀድሞ ያገኘ ይሸለማል። የኛዋ ብቻዋን ዕድሜ ልኳን ብትገምት አይደርሳትም። ስለዚህ ከብዙ ሰው ማሽን ጋር ትገባና ከተገኘው ላይ ድርሻዋን ትወስዳለች።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር በለኛ።»

«እሱ ነው።»

በመጀመሪያ፣ ድርሻዋ የሚቀመጥበትን ዋሌት ላፕቶፑ ላይ ከፈቱ። ዋሌቱ መክፈቻው የሚሆኑ ሚስጥራዊ ቃላት ደረደረና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ደብቁ፣ ለማንም አታሳዩ አላቸው። እሷ እስክሪብቶ ልታነሳ ስትል ቀደማትና በቀኝ እጁ ያዘው። ፊደሎቹ ተንጋደዱ፤ አንዱ በሌላው ላይ ወደቀ። ሲጨርስ ግንባሩን አልቦት ነበር።

«ዶሮ የጫረው ይመስላል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ምን አለበት? ሌባ ቢያገኘውም አያነበው!»

«እኛስ?»

«እኔ ያንተን ጽሑፍ ላጣው ነው?»

ቀና ብሎ አያት፤ ተያይተው ሳቁ።

ማሽኗን ላፕቶፑ ላይ ሲሰኳት ግን መብራቷ ብልጭ አለና ጠፋ። ነቅለው ሰኩ፤ ብልጭ፣ ጥፍት። እሷ «በቃ ይቅር» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ወደ ላፕቶፑ ተመልሶ ጥቂት ካነበበ በኋላ «አልሞተችም፤ ርቧት ነው» አለ። ከላፕቶፑ የምታገኘው ኤሌክትሪክ አንሷት ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካ፣ የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ያስፈልጋታል።

«ወጣ ብዬ እገዛዋለሁ።»

«አንቺ አታውቂውም፤ ያልሆነ ነገር ይሸጡልሻል። ጫማዬን አምጪልኝ።»

ከታመመ ጀምሮ ከሐኪም ቤት በቀር የትም ሄዶ አያውቅም። ጫማውን አምጥታ ማሰሪያውን ልታስርለት በርከክ ስትል «ተዪው» አላት። ተነስታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደችና መርፌው ላይ ክር ታስገባ ጀመር። ክሩ ቀድሞውንም ገብቷል። አወጣችውና እንደገና አስገባችው፤ እሱ አስሮ እስኪጨርስ ድረስ።

ክንዷን ይዞ ቀስ እያለ ተራመደ። የተዘጋው ሱቁ ጋ ሲደርሱ ቁልፍ የሚቀርጸው ጎረቤቱ ሥራውን ጥሎ መጥቶ አቀፈው፤ አልለቀውም።

«አንተ ሰው! ምነው እንዲህ ትጠፋ! ሰዓቱ የቆመበት ሁሉ እኔን ይነዘንዘኛል እኮ።»

ሰዓት ሠሪው በዚህ ጊዜ እጁን አልደበቀም።

ማከፋፈያውንና አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ይዘው ተመለሱ፤ ማሽኗ ስትሠራ ስለምትግል ነፋስ ያስፈልጋታል። ማራገቢያዋን በብሎን ማሰር ከበደው። ብሎኑ ወደቀ። አነሳው፤ ወደቀ። እሷ እጆቿን አቆላልፋ ጠበቀች።

«ነይ እስቲ» አላት በመጨረሻ። «አንቺ ብሎኑን ያዢልኝ፣ እኔ ላዙር።»

አግዢኝ ብሏት አያውቅም ነበር። ግንባራቸው ሊነካካ ደርሶ፣ እሷ በጣቶቿ እንደያዘች እሱ በካቻቪቴው እያዞረ አሰሩት።

ማሽኗ በራች፤ በዚያው ቀጠለች። ስክሪኑ ላይ ቁጥር በቁጥር ላይ ይወርድ ጀመር። ጎን ለጎን ተቀምጠው እያዩ ሻያቸው ቀዘቀዘ።

ሳምንቱ ሲያልቅ የደረሳቸው ነገር ለወሬም አይበቃም። ሚስቱ ሆዷ አልችል አላት።

«ስማኝማ፤ ምንም እንደማታስገኝ አውቅ ነበር። ለእጅህ ብዬ ነው።»

«እኔም የመጀመሪያው ቀን አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አጠገቤ ስትቀመጪ ደስ አለኝ። ከታመምኩ ጀምሮ በሩቁ ነበር የምታዪኝ።»

እጁን ሳብ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሻሸችለት።

በማግሥቱ ሱቁን ከፈተ። ለጊዜው ባትሪና ማሰሪያ ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ረቂቁን ሥራ «ቆይ፣ እጄ ይጥና» እያለ ያቆየዋል። ከሰዓት በኋላ እሷ የሚዘመዘም ጨርቋን ይዛ ትመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች። አንዳንዱ ሰው ታዲያ ሱሪ ማሳጠር ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል።

«ይቻላል» ይላል እሱ፣ ሳያስፈቅዳት።