ለእርጅና የተቀመጠው ጉልበት

በረኛዋ ጉልበቷን የጎዳችው ኳስ ልትይዝ ስትወረወር ቢሆን አንድ ነገር ነበር። እሷ ግን ጎል አዳንኩ ብላ በደስታ ስትዘል ነው የወደቀችው። አያቷን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። «ሰው መትቶሽ ቢሆን እኮ ቢያንስ የምረግመው አገኝ ነበር!»

የተበጠሰው ጅማት በቀዶ ጥገና ተጠገነ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ግን አልደበቃቸውም፤ እንዲህ የተጎዳ ጉልበት ከዓመታት በኋላ አርትራይተስ የሚባለውን የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፣ ቀዶ ጥገናውም ስጋቱን ጨርሶ አያጠፋውም አላቸው። አያት ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰሙም። እንባ ቀድሟቸው ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ስለ እንቅስቃሴው፣ ስለ ጭን ጡንቻው የተነገረው ሁሉ እሳቸው ቧንቧው ጋ ሳሉ አለፋቸው።

ቤት ሲገቡ አዋጅ አወጡ። «ይሄ ጉልበት ከእንግዲህ ለእርጅናሽ ይቀመጣል!» እንደ እንግዳ ብርጭቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቆልፉበት በወደዱ፤ እሱ ስላልሆነላቸው ልጅቷን ፎቅ ወስደው አስተኟት።

«እማማ፣ ልምምድ እኮ ታዞልኛል።»

«ያዘዘልሽ ሰውዬ ስታረጂ መጥቶ ሊያሽልሽ ነው? ዝም ብለሽ ተኚ!»

በረኛዋ መጀመሪያ ተከራከረች፤ ኋላ ለመደችው፤ ከዚያማ ባሰባት። ውሃ ስትል ውሃ ይወጣል፤ ቀዘቀዘ ስትል ይወርዳል፣ ለብ ብሎ ይመለሳል። ቻርጀር፣ ሌላ ትራስ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ኧረ ይዘጋ። አያት ደረጃውን እያጉረመረሙ ይወርዳሉ፣ «ብቻ አንቺን ደህና ያርግልኝ» እያሉ ይወጣሉ።

ባለሙያው ወደ ሜዳ ትመለስ እንደሆነ የሚወስንበት ቀን ደረሰ። ወንበር አቀረበላት። «በእጅሽ ሳትደገፊ ተነሺ፣ ቁጭ በይ፣ ሳታቋርጪ።»

በረኛዋ ጥቂት ጊዜ ተነስታ እንደተቀመጠች ወደ ጤነኛው እግሯ አጋደለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለና ወንበሩ ላይ ዱብ።

«ይሄ ደግሞ ምን ከባድ ነገር አለው?» አሉ አያት አፍረውባት፤ ከራሳቸው ወንበር ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ አሉ።

ባለሙያው እሳቸውን አየ፤ የልጅቷን የሰለለ ጭን አየ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በረኛዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

በረኛዋ በሳቅ ፈረሰች። አያት አልሳቁም። «እኔ እኮ ከአርትራይተሱ ላድናት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ይገባኛል። ጡንቻው ሲሰልል ግን ሸክሙ ጉልበቷ ላይ ያርፋል። አይመጣባትም ብዬ ቃል አልገባም፤ ጠንካራ እግር ግን ያግዛታል፣ መተኛት አያግዛትም።»

«ሜዳውስ?» አለች በረኛዋ።

«በዚህ እግር? አይታሰብም። እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። አያት ያን ፊት ሲያዩ ወንበራቸውን ወደ ባለሙያው አስጠጉ። «በል ንገረኝ። ዛሬ የትም አልወጣም።»

ባለሙያው ዝቅ ያለ ሳጥን አመጣ። «እዚህ ላይ ወጥታ፣ ክብደቷን በተጎዳው እግሯ ላይ ጥላ ቀስ ብላ ትወርዳለች። እርስዎ ደግሞ አይነኳትም።»

አያት ሁለቱንም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። በረኛዋ ወጣች። መውረድ ስትጀምር ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ የአያትም ትከሻ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«ቀስ... ኧረ ቀስ... ወይኔ ልጄን!» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ወረደች?»

«ወረደች፣» አለ ባለሙያው።

አያት ዓይናቸውን አልገለጡም።

«እንግዲያው ድገሚዋ፣» አሉ።